የግራፊን ማስኮች በካናዳ፦ ከሕፃናት ማቆያ ቅሬታ እስከ ሰው ሳንባ ጥናት

በ2021 እ.ኤ.አ. ማርች መጨረሻ ላይ በካናዳ ኩቤክ ክፍለ ሀገር የሚገኙ የሕፃናት ማቆያዎችና ትምህርት ቤቶች ለወራት ሲጠቀሙበት የቆዩትን አንድ ዓይነት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማስክ በአስቸኳይ እንዲያቆሙ የሚያዝ መልእክት ደረሳቸው። ማስኩ ግራፊን የተባለ የካርቦን ቁስ የተቀባ ነበር፤ የፌዴራሉ የጤና ተቋም ሄልዝ ካናዳም በመጀመሪያ ደረጃ ግምገማው የቁሱ ብናኝ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል ስጋቱን ገልጾ ነበር። ኤፕሪል 2 ቀን ተቋሙ ምክሩን ለመላው አገር አሰፋው። ግራፊን ወይም ባዮማስ ግራፊን እንዳለበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ማንኛውንም ማስክ ማንም እንዳይጠቀም አሳሰበ፤ አምራቾች፣ አስመጪዎችና አከፋፋዮች ሽያጭ አቁመው ምርቱን ከገበያ እንዲሰበስቡም አዘዘ። በሐምሌ ወር ደግሞ ከእነዚሁ ማስኮች አራት ሞዴሎች ተመርምረው እንደገና እንዲሸጡ ተፈቀደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በዜና ማሰራጫዎች ላይ የቆየው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሆኖም አዲስ የካርቦን ቁስ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የሰው አፍንጫ ላይ እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠይቅና ማን ሳይጠየቅ እንደሚቀር ከዚህ ይበልጥ በግልጽ የሚያሳይ ክስተት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በእኔ እምነት የጉዳዩ ዋና ጉድለት ግራፊን ጎጂ ሆኖ መገኘቱ አይደለም፤ በእነዚያ ማስኮች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተረጋገጠም። የተቆጣጣሪው ተቋም ጥንቃቄም የተጋነነ አልነበረም። ጉድለቱ «ከዚህ ጨርቅ ብናኝ ይለቀቃል ወይ? ከተለቀቀ ምን ያህልና ምን ዓይነት?» የሚለው ቀላል ጥያቄ መመለስ የጀመረው ሰዎች በማስኩ ለወራት ከተነፈሱበት በኋላ መሆኑ ነው።

ቁሱና ስሙ

ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ ሲሆን፣ አቶሞቹ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እየሠሩ እርስ በርስ የተያያዙበት ነው። በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት የእነዚህ ንጣፎች ክምር ነው። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ንጣፉን ከግራፋይት ለይተው የኤሌክትሪክ ባሕርዩን አሳዩ፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ፣ 1 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት የግራፊን የምርምር መርሐ ግብር ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ቁሱ የሚነገረው ነገር ሁሉ ተስፋ የሞላበት ስለነበረ፣ «ግራፊን አለበት» የሚለው አነጋገር ምርቱን ከሌሎች ልቆ እንዲታይ ያደርገው ጀመር።

ችግሩ በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ነጠላ ንጣፍ አለ፤ ጥቂት ንጣፎች የተደራረቡበት አለ፤ ኦክስጅን የተቀላቀለበት ግራፊን ኦክሳይድ አለ፤ ስሙ ግራፊን ቢሆንም በተግባር ቀጭን የግራፋይት ቅንጣት የሆነም አለ። በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2018 ከ60 አምራቾች የተገኙ ናሙናዎችን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ በአብዛኞቹ ውስጥ ትክክለኛው ግራፊን ከ10 በመቶ በታች መሆኑንና ከ50 በመቶ በላይ የያዘ ናሙና አለመገኘቱን አሳይተዋል። ይህ የንግድ ቅሬታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሳንባ ውስጥ የሚፈጠረው ነገር በንጣፉ ውፍረት፣ በስፋቱ፣ በንጽሕናውና በመጠኑ ስለሚወሰን፣ ገዢው ስሙን ብቻ አይቶ ስለ ጤንነቱ ምንም ሊገምት አይችልም።

በካናዳው ጉዳይ ከተጠቀሱት ማስኮች አንዳንዶቹ ባዮማስ ግራፊን የሚባለውን ይዘዋል። ይህ ፍሬው ከተፈለፈለ በኋላ እንደሚቀረው የበቆሎ ክፍል ካለ የእርሻ ተረፈ ምርት፣ በሙቀትና በኬሚካል ሂደት የሚዘጋጅ ነው። በአመራረቱም ሆነ በቅርጹ በማንችስተር ቤተ ሙከራ ከተለየው ንጣፍ የተለየ ስለሆነ፣ ስለ አንዱ የተገኘውን የምርምር ውጤት እንዲሁ ወደ ሌላው ማሻገር አይቻልም።

ግራፊን ማስክ ላይ ለምን ተቀባ?

የተሰጠው ምክንያት ባክቴሪያንና ቫይረስን ይገድላል የሚል ነበር። ይህ ከባዶ የተፈጠረ አባባል አይደለም። የግራፊንና የግራፊን ኦክሳይድ ስለታም ጠርዞች የባክቴሪያን ሽፋን ሊጎዱ እንደሚችሉ፣ ቁሱ በሕዋሳት ላይ የኦክስጅን ጫና (ሕዋስን የሚጎዳ ኬሚካላዊ መዛባት) እንደሚፈጥርና ብርሃን ሲያርፍበትም ፈጥኖ እንደሚግል ከ2010 ገደማ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2020 የሆንግ ኮንግ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሌዘር የተሠራ የግራፊን ሽፋን ያለው ማስክ ላይ የሚያርፉ ባክቴሪያዎች በብዛት እንደሚሞቱ፣ በፀሐይ ብርሃን ለ10 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ደግሞ መግደሉ ወደ መቶ በመቶ እንደሚጠጋ ዘግበዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ውጤትና በፋብሪካ ተመርቶ በካርቶን በሚላከው ማስክ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። በሌዘር የሚሠራው ሽፋን ከመደገፊያው ጋር አንድ ሆኖ የሚፈጠር ሲሆን፣ በፋብሪካ የሚቀባው በምን እንደተጣበቀ ሸማቹ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በተጨማሪም ባክቴሪያን የሚገድለው ጠርዝ የሳንባን ሕዋስ ሲያገኝ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከጠቀሜታው ጋር አብሮ መነሣት ነበረበት። ሕይወት ያለውን ነገር ይጎዳል ተብሎ ለሚመሰገን ቁስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛውን ሕይወት የሚለው ነው።

በሩ እንዴት ክፍት ሆነ

በካናዳ ሕግ የቀዶ ሕክምና ማስክ የሚመደበው ዝቅተኛ ስጋት አላቸው በሚባሉት የመጀመሪያ ደረጃ የሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ ነው። የዚህ ደረጃ ምርት ለእያንዳንዱ ሞዴል ከሽያጭ በፊት የምርት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው አስመጪው ወይም አከፋፋዩ ድርጅት ነው። ለሕክምና ያልሆነው ማስክ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሸማች ዕቃ ስለሚቆጠር ቅድመ ግምገማ የለውም። ለአሥርተ ዓመታት ማስክ ማለት የተደራረበ የፕላስቲክ ጨርቅ ብቻ ስለነበረ ይህ አመዳደብ ምክንያታዊ ነበር። ጨርቁ ላይ ናኖ ቁስ፣ ማለትም በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ ቁስ፣ ሲጨመር ግን የምርቱ ስጋት ይቀየራል፤ ደረጃው ግን ባለበት ይቆያል።

በዚያ ላይ ወረርሽኙ ነበር። በማርች 2020 ካናዳ ለኮቪድ-19 የሚያስፈልጉ የሕክምና መሣሪያዎች በፍጥነት እንዲገቡ ጊዜያዊ ድንጋጌ አወጣች፤ ክፍለ ሀገራትም ማስክ ባገኙበት ቦታ ሁሉ ይገዙ ነበር። በዚያ ጭንቀት ውስጥ የነበሩትን ገዢዎች ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ማስክ አጥቶ ክፍል መክፈት ራሱ አደጋ ነበር። ኩቤክ ግራፊን የተቀባውን ማስክ በሚሊዮኖች ገዝታ ለትምህርት ቤቶች፣ ለሕፃናት ማቆያዎችና ለሌሎች የመንግሥት ተቋማት አከፋፈለች። የሚያጠልቁት መምህራንና ተንከባካቢዎች ግን አፍንጫቸው ላይ ያለው አዲስ ቁስ እንደሆነ፣ ስለ እሱ የሚታወቀውና የማይታወቀው ምን እንደሆነ የገለጸላቸው አካል አልነበረም።

ሆኖም አንድ ነገር ተሰምቷቸው ነበር። በወቅቱ የወጡ የዜና ዘገባዎች እንደሚያስረዱት፣ አንዳንድ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኞች ማስኩን ሲያደርጉ የድመት ፀጉር የመዋጥ ያህል እንደሚሰማቸው ከእገዳው በፊት ሲናገሩ ቆይተዋል። ያ ስሜት ግራፊን ወደ ሳንባ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ሳንባ የሚደርስ ብናኝ በዓይን አይታይም፣ በጉሮሮም አይለይም፤ የተሰማቸውም የጨርቁ ክር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ማስኩ የሆነ ነገር እንደሚለቅ የሚጠቁም፣ በነጻ የተገኘ የመስክ መረጃ ነበር። የተጠቃሚ ቅሬታ የሚመዘገብበትና ለመርማሪ የሚደርስበት ሥርዓት ቢኖር ኖሮ፣ የመለቀቅ ፍተሻው በዚያው ሳምንት ሊጀመር ይችል ነበር። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በሳይንስ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ሳይንቲስቱ ለሕዝብ የሚያስረዳበትን መድረክ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ለሳይንሱ መረጃ የያዙት ሕፃናቱን የሚንከባከቡት ሴቶችና ወንዶች ነበሩ።

ተቋሙ ሲወስን የሚታወቀው

ሄልዝ ካናዳ ኤፕሪል 2 ያወጣው ማሳሰቢያ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች በትንፋሽ የገባ ግራፊን በሳንባ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳት የማድረስ አቅም እንዳለው እንደሚያመለክቱ፣ በማስክ ምክንያት በሰው ላይ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ግን እንደማይታወቅ ገልጿል። ጉዳቱ በማስኩ አሠራር፣ በሚተነፈሰው መጠንና ቆይታ፣ በቁሱ ዓይነትና ቅርጽ፣ በተጠቃሚው ጤንነትም እንደሚለያይ አስረድቷል። ከሁሉም በላይ ግን ግራፊን ያለባቸው ማስኮች ደኅንነታቸውንና ውጤታማነታቸውን የሚደግፍ መረጃ እንዳልደረሰው ተናግሯል። እገዳው የተመሠረተው በዚህ ባዶነት ላይ ነው።

ከዚህ ጥንቃቄ በስተጀርባ በካርቦን ቁሶች የተገኘ መራራ ልምድ አለ። የካርቦን ናኖቲዩብ የግራፊን ንጣፍ ተጠቅልሎ ቱቦ የሆነ ያህል ሊታሰብ ይችላል። በ2008 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ረጃጅምና ድርቅ ያሉ ናኖቲዩቦችን ወደ አይጦች የሆድ ዕቃ ሲያስገቡ፣ አስቤስቶስ ከሚያስከትለው ጋር የሚመሳሰል ብግነትና ቁስለት አገኙ፤ አጫጭሮቹና የተድበለበሉት ግን ይህን አላደረሱም። ሕዋሳትን የሚያጸዳው ማክሮፌጅ የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ከራሱ የሚረዝመውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ሊውጠው ስለማይችል፣ ብግነቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አንድ የተወሰነ የናኖቲዩብ ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገባ፤ ሌሎቹን ናኖቲዩቦች ግን ለመመደብ በቂ መረጃ የለም አለ። አንድ ስም፣ የተለያየ ፍርድ።

ግራፊን ጠፍጣፋ ስለሆነ ታሪኩ ቀጥታ አይደገምም፤ ግን አንድ የሚያሳስብ ባሕርይ አለው። የኤድንብራው ቡድን በ2012 እንዳሳየው፣ የግራፊን ቅንጣት ወደ ጎን እስከ 25 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ቢሰፋም እጅግ ቀጭን በመሆኑ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው እንደ ትንሽ ብናኝ ነው። በዚያ ስፋት ያለ ሉላዊ ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ ይቀር ነበር፤ ቀጭኑ ንጣፍ ግን ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ሊደርስ ይችላል። ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለማክሮፌጁ ሊዋጥ የማይችል ትልቅ ነገር ይሆንበታል። በ2020 የማንችስተር ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት የዚህ ሁለተኛ ገጽ ታየ፦ በማይክሮሜትር የሚለካው የግራፊን ኦክሳይድ ንጣፍ በሳንባ ውስጥ የብግነት እብጠቶችን ሲፈጥር፣ በናኖሜትር የሚለካው ግን ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ሄልዝ ካናዳ በኤፕሪል 2021 በጠረጴዛው ላይ የነበረው መረጃ «ግራፊን አደገኛ ነው» የሚል አልነበረም። መጠኑና ቅርጹ ሳይታወቅ ማንም አደገኛ አይደለም ሊል እንደማይችል የሚናገር መረጃ ነበር፤ የማስኮቹን መጠንና ቅርጽ ደግሞ ማንም አላቀረበለትም።

የሐምሌው ውሳኔ ያለውና ያላለው

በሐምሌ 2021 ሄልዝ ካናዳ ሻንዶንግ ሼንግኳን ኒው ማቴሪያልስ የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸውን አራት ሞዴሎች ገምግሞ፣ ከእነዚህ ማስኮች የሚለቀቀው የባዮማስ ግራፊን ቅንጣት በሳንባ ላይ ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መጠን እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ ሽያጩም እንዲቀጥል ፈቀደ። ሌሎቹ የግራፊን ማስኮች አምራቾቻቸው መረጃ አቅርበው እስኪገመገሙ ድረስ እገዳቸው ጸንቶ ቀረ።

ይህን ውሳኔ በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። ቁሱ ጉዳት የለውም አላለም፤ ከእነዚህ አራት ሞዴሎች በሚያሰጋ መጠን አይወጣም ነው ያለው። ጉዳት የሚያደርስ ቁስ ከጨርቁ ካልወጣ ለሚተነፍሰው ሰው ስጋት አይሆንም፤ ለስላሳ የሚባለውም ቁስ በብዛት ቢወጣ ስጋት ይሆናል። ተገቢው ምርመራ ይህ ነበርና ውሳኔው በሳይንስ ረገድ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያስቆጨኝ ግን ፍተሻው ያን ያህል የረቀቀ አለመሆኑ ነው፤ አየር በማስኩ ውስጥ በሰው ትንፋሽ ፍጥነት ማሳለፍ፣ የሚወጣውን በማጣሪያ መያዝ፣ ከዚያም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ቁስን በሚበትነው ብርሃን በሚለየው በራማን መለኪያ መመርመር ይቻላል። የመጀመሪያው ጭነት ከመከፋፈሉ በፊት ሊሠራ የሚችል ሥራ ነበር።

ከሕዝብ ጋር በተደረገው ግንኙነት ላይ ደግሞ የውሳኔዎቹ ቅደም ተከተል ከባድ ጠባሳ ትቷል። አንድ የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ መጀመሪያ አድርጊው ተባለች፣ ቀጥሎ ሳንባሽን ሊጎዳ ስለሚችል አውልቂው ተባለች፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ከተወሰኑት ሞዴሎች ስጋት የለም የሚል ዜና ሰማች። እያንዳንዱ መልእክት በወቅቱ በነበረው መረጃ ትክክል ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው አመክንዮ ካልተነገራት ግን የሚቀራት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች አያውቁም የሚል ስሜት። የእገዳው ማስታወቂያ ብዙ ቦታ ተሰማ፤ የፍቃዱ ዜና ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ደረሰ። የራሷ ማስክ ከአራቱ ሞዴሎች አንዱ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሞዴል ዝርዝር መፈለግ ያለባት እሷው ነበረች።

በዚያው ወቅት ግራፊን የሚለው ስም በሌላ መንገድ ዓለምን አዳረሰ። በስፔን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከአንድ የኮቪድ ክትባት ብልቃጥ ተነሥቶ ያዘጋጀው ሰነድ በክትባቱ ውስጥ ግራፊን ኦክሳይድ አለ ለሚል ወሬ መነሻ ሆነ። መምህሩ የሚሠራበት የአልሜሪያ ዩኒቨርሲቲ ሰነዱን እንደማይደግፍ በይፋ አስታወቀ። የክትባቶቹ ይዘት ዝርዝር የታወቀ ነው፤ በፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባት ውስጥ ያሉት የአርኤንኤ መልእክት፣ አራት ዓይነት ቅባቶች፣ ጨዎችና ስኳር ናቸው። ግራፊን ኦክሳይድ በውኃ ውስጥ ሲበተን ቡናማ ወይም ጥቁር ቀለም ስለሚሰጥ በብዛት ቢኖርም ኖሮ በዓይን ይለይ ነበር። ወሬው ውሸት ነው። ግን ከጥቂት ወራት በፊት ሳይነገረው ግራፊን በአፍንጫው ላይ አስሮ የከረመ ሰው፣ አሁንም ሳይነገረን ሌላ ቦታ አስገብተውብን ይሆናል ብሎ ቢጠረጥር መልሱ ስድብ ሊሆን አይችልም። ጥርጣሬውን የዘራው የመረጃ እጦት በአንዱ ጉዳይ ላይ እውነት ነበር።

የሰው ሳንባ ራሱ ሲጠየቅ

ለጉዳዩ ቀጥተኛ የሆነ የሰው መረጃ የመጣው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። የኤድንብራና የማንችስተር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድስ የሕዝብ ጤና ተቋም ጋር በመተባበር 14 ጤናማ በጎ ፈቃደኞች ግራፊን ኦክሳይድ እንዲተነፍሱ ያደረጉበትን ጥናት በኔቸር ናኖቴክኖሎጂ መጽሔት አወጡ። ቁጥጥር በተደረገበት ሁኔታ ሰው ቁሱን እንዲተነፍስ የተደረገው በዚህ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ተሳታፊዎቹ ለ2 ሰዓት ያህል፣ በየመሐሉ ብስክሌት እየነዱ፣ በአንድ ሜትር ኩብ 200 ማይክሮግራም ቁስ የያዘ አየር ተነፈሱ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የተጣራ አየር። የትኛውን እንደሚተነፍሱ እነርሱም ሆኑ ውጤቱን የሚለኩት ሰዎች አያውቁም ነበር።

የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የሳንባ አሠራርና የብግነት ምልክቶች ላይ ለውጥ አልታየም። በደም ውስጥ ያሉ ጥቂት ፕሮቲኖች መጠን በመጠኑ ተለወጠ፤ ከሰውነት ውጪ በተደረገ የደም መርጋት ሙከራ ላይ ደግሞ አነስተኛ ጭማሪ ታየ። የዚያው የኤድንብራ ቡድን ቀደም ሲል በ300 ማይክሮግራም ገደማ የናፍጣ ጭስ ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች በደም ሥር አሠራርና በመርጋት ላይ ግልጽ ጉዳት አግኝቶ ስለነበር፣ ይህ ውጤት በንጽጽር ሲታይ የሚያረጋጋ ነው። 200 ማይክሮግራም ጥቂት አለመሆኑንም ለመረዳት የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ 15 ማይክሮግራም መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ይህ ጥናት የኩቤክን መምህራን ጥያቄ መለሰላቸው ወይ? በከፊል ብቻ። የተተነፈሰው እጅግ የጸዳ፣ ቀጭንና በናኖሜትር የሚለካ ግራፊን ኦክሳይድ ነው፤ የተመረጠውም በአይጦች ላይ ትልቁ ንጣፍ ይበልጥ ጎጂ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራው ቁስ ሌላ ነው። ተሳታፊዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ በትምህርት ቤት ግን አስም ያለበት መምህርም አለ። ቆይታው ሁለት ሰዓት ነበር፤ ማስክ ግን ሙሉ የሥራ ቀን፣ ለወራት ይደረጋል። ተመራማሪዎቹም ውጤታቸው አጭር ጊዜን ብቻ እንደሚመለከት በግልጽ አስቀምጠዋል። እኔ በበኩሌ የማደንቀው ሌላም ነገር አለው፤ አሥራ አራቱ ሰዎች ምን እንደሚተነፍሱ ተነግሯቸው፣ ፈቅደው፣ ማቆም እንደሚችሉ አውቀው ነው የገቡት። በ2021 ማስኩን ያጠለቁት ብዙ ሰዎች ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ሊሠራ የሚገባው

ይህን ሁሉ ለመከላከል የሚያስችል ሐሳብ አዲስ አይደለም። ግራፊን በተለየበት በ2004 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲና የሮያል ኢንጂነሪንግ አካዳሚ ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ባወጡት የጋራ ሪፖርት፣ ልቅ የናኖ ቅንጣቶች እንደ አዲስ ኬሚካል እንዲታዩና ሕዝቡ ቴክኖሎጂው ገና ሲጀመር በውይይት እንዲሳተፍ መክረው ነበር። ምክሩ የመጣው በዘረመል ምህንድስና በተቀየሩ ሰብሎች ላይ፣ ሰብሎቹ የገበያ መደርደሪያ ከደረሱ በኋላ ብቻ ሕዝቡ የተጠየቀበትን ውዝግብ በማየት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ ማስኩ ላይ የሆነው ተመሳሳይ ነው።

ለእኔ ግልጽ የሆነው እርምጃ የመጀመሪያ ደረጃ የሕክምና መሣሪያም ቢሆን የሚተነፈስበት ቦታ ላይ ናኖ ቁስ ሲጨመርበት ደረጃው እንዲቀየርና የመለቀቅ ፍተሻ ውጤት ሳይቀርብ እንዳይገዛ ማድረግ ነው። በማሸጊያው ላይ ቁሱ ስንት ንጣፍ እንዳለው፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ቅይጥ እንደያዘና በስምንት ሰዓት ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚለቅ ይጻፍ። በናኖቲዩብ ረገድ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በ2013 በስምንት ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 1 ማይክሮግራም የሚል የሥራ ቦታ ገደብ መክሯል። ለማስክ ተመሳሳይ ገደብ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው መለኪያ አለ፤ የጎደለው ግዴታው ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የገዢው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ማስኩን የሚያጠልቁት ሰዎች ከግዢው በፊት ናሙና ቢሰጣቸው፣ ስለ ቁሱ በሚገባቸው ቋንቋ ቢነገራቸው፣ ሳል፣ የጉሮሮ መከርከር ወይም ክር መውጣት ሲያዩ የሚያሳውቁበት መንገድና የሚመልስላቸው ሰው ቢኖር፣ ወጪው ከአንድ የጅምላ ማስወገጃ ዘመቻ ያነሰ ይሆናል። ግራፊኑ በጨርቁ ላይ በሚቀባበት ፋብሪካ ውስጥ ከደረቁ ዱቄት ጋር በየቀኑ የሚሠሩት ሠራተኞችም በዚህ ውስጥ መካተት አለባቸው፤ ለቁሱ የሚጋለጡት በጨርቅ ላይ ከመጣበቁ በፊት፣ ልቅ ሆኖ ሳለ ስለሆነ፣ የረጅም ጊዜ ክትትል ሊጀመር የሚገባው ከእነርሱ ነው።